ፌሊክስ ዴሬል፦ የባክቴሪዮፋጅ ምርምር ፈር ቀዳጅ

ፌሊክስ ዴሬል እ.ኤ.አ. በ1873 በፓሪስ ከተማ ተወለዱ፤ እርሳቸው ግን የትውልድ ቦታቸው የካናዳዋ ሞንትሪያል እንደሆነ ሲገልጹ ኖረዋል። በሳይንስ መደበኛ ዲግሪ ያልነበራቸው፣ ዕውቀታቸውን በአብዛኛው በራሳቸው ጥረት ያካበቱ ሰው ነበሩ። በጓቲማላ እና በሜክሲኮ ከሠሩ በኋላ በፓሪስ የፓስተር ተቋም ምርምራቸውን ቀጠሉ።

እ.ኤ.አ. በ1915 በፓሪስ አቅራቢያ በሰፈሩ የፈረንሳይ ወታደሮች መካከል ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ተከሰተ። ዴሬል የታማሚዎችን ዓይነ ምድር ባክቴሪያን በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልለው፣ የተጣራውን ፈሳሽ የበሽታው ባክቴሪያ በሚራባበት ብልቃጥ ውስጥ ጨመሩ። ደፍርሶ የነበረው ብልቃጥ ጠራ። ከጠራው ጥቂት ጠብታ ወደ ሌላ ብልቃጥ ሲጨመርም ያው ውጤት ተደገመ። መርዝ ቢሆን ኖሮ በተበረዘ ቁጥር ኃይሉ በደከመ ነበር፤ ይህ ግን የሚራባ ነገር ነበር። በ1917 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ «ባክቴሪዮፋጅ»፣ ማለትም ባክቴሪያ በላ፣ ብለው ሰየሙት። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት ተመሳሳይ ክስተት በ1915 ገልጸው ስለነበር ስለ ቀዳሚነቱ ክርክር መነሣቱ አልቀረም።

በ1919 በፓሪስ የሕፃናት ሆስፒታል ፋጅን ለሕክምና ከመስጠታቸው በፊት በቅድሚያ ራሳቸው ጠጡት። በ1927 ደግሞ ወደ ሕንድ ተጉዘው በኮሌራ ሕመምተኞች ላይ ሞከሩት።

ቤልጂየማዊው የኖቤል ተሸላሚ ዡል ቦርዴ ፋጅ ሕያው ነገር ሳይሆን ባክቴሪያው ራሱን የሚያፈርስበት ኢንዛይም ነው በማለት ተቃወሟቸው። በ1940 አካባቢ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የፋጅን ቅንጣቶች ሲያሳይ ዴሬል ትክክል መሆናቸው ተረጋገጠ። ሌላው እምነታቸው ግን አልጸናም። ባክቴሪዮፋጅ አንድ ዝርያ ብቻ እንደሆነና በየባክቴሪያው እየተላመደ እንደሚለዋወጥ ያምኑ ነበር። መልሱ የተገኘው ከሞቱ በኋላ ከጂኖም፣ ማለትም ከዘረ-መል መረጃው ሙሉ ጥቅል ነው። በ1977 የተነበበው የፋይ ኤክስ 174 ጂኖም ከ5 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ፊደላት ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ቦታ ከመጥበቡ የተነሣ አንዳንድ ጂኖች ተደራርበው ይገኛሉ። ላምዳ የተባለው ፋጅ 48,502 ጥንድ ፊደላት አሉት፤ ቲ4 ደግሞ 169 ሺህ ያህል። ለሁሉም ፋጆች የጋራ የሆነ አንድ ጂን እንኳ አልተገኘም። በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ የተገናኙ ፋጆች ጂን ስለሚለዋወጡ፣ የብዙዎቹ ጂኖም ከተለያየ ጨርቅ ተጣጥፎ እንደተሰፋ ልብስ ነው።

ዴሬል ያልጠበቁት ሌላም ነገር አለ። በ1996 በታተመ ጥናት የኮሌራ ባክቴሪያ ብርቱ ተቅማጥ የሚያስከትለውን መርዝ የሚያመርትበት ጂን ከፋጅ የመጣ መሆኑ ታወቀ። ይህ ፋጅ ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ጂኖሙን ከባክቴሪያው ጂኖም ጋር አዋሕዶ ያስታጥቀዋል። ስለዚህ በዛሬው ጊዜ ፋጅ ለሕክምና ከመታሰቡ በፊት የመርዝ ጂን የሌለው መሆኑ በጂኖም ንባብ ይጣራል።

በ1930ዎቹ ዴሬል ከወዳጃቸው ጆርጅ ኤሊያቫ ጋር በጆርጂያ፣ ትብሊሲ ሠሩ። በ1937 ኤሊያቫ በስታሊን አገዛዝ ተገደሉ፤ ዴሬልም ወደዚያ አልተመለሱም። ለኖቤል ሽልማት ደጋግመው ቢታጩም ሳይሸለሙ እ.ኤ.አ. በ1949 በፓሪስ አረፉ። የኤሊያቫን ስም የያዘው የትብሊሲ ተቋም እስከ ዛሬ ፋጅ ያዘጋጃል።