ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን

ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን (1841–1912 እ.ኤ.አ.) የሥጋ ደዌ ባክቴሪያን ያገኘ የኖርዌይ ሐኪም ነበር። በበርገን ከተማ ተወልዶ በዛሬዋ ኦስሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማረ። በዘመኑ አማቱን ዳንኤል ዳንኤልሰንን ጨምሮ ብዙ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወረስ ይመስላቸው ነበር። ሐንሰን ግን በ1873 ከሕመምተኞች በወሰደው ናሙና ውስጥ ዘንግ መሳይ ተሕዋስያን በማይክሮስኮፕ አየ። ተላላፊነቱን ለማረጋገጥ አንዲት ታማሚን ሳያስፈቅድ ዓይኗ ላይ ስለሞከረ በ1880 በፍርድ ቤት ውሳኔ ከሆስፒታል ሥራው ተሰናበተ። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተነካበትም።

በአዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በስሙ የተሰየመ ሲሆን፣ ዛሬም ሥጋ ደዌንና ሳንባ ነቀርሳን ያጠናል።