ሞን ብላንን በእግሩ የዞረው ፕሮፌሰር

በየዓመቱ በሺሕ የሚቆጠሩ እግረኞች ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ሞን ብላን ተራራን ይዞራሉ። መንገዱ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን አዳርሶ ወደ ተነሳበት ይመለሳል። አብዛኛው ሰው አሥር ቀን ያህል ይፈጅበታል። የዳገቱ ከፍታ ብቻ ቢደመር ወደ 10 ሺሕ ሜትር ይጠጋል።

እ.ኤ.አ. በ1767 ይህን ተራራ የዞረው ሰው ግን ለሽርሽር የወጣ አልነበረም። ሆራስ ቤኔዲክት ደ ሶስዩር ይባላል። የ27 ዓመት ወጣት ቢሆንም በጄኔቫ አካዳሚ የፍልስፍና መምህርነት ወንበር ከያዘ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር።

ደ ሶስዩር የተወለደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1740 በጄኔቫ አቅራቢያ ከባለጸጋ ቤተሰብ ነው። አጎቱ ሻርል ቦኔ በዘመኑ የታወቀ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ልጁም በዕፅዋት ፍቅር ተይዞ አደገ። ሰማዩ ሲጠራ ከጄኔቫ የሚታየው ያ ነጭ ተራራ ግን ከዕፅዋቱ ይልቅ ልቡን ሳበው። በ1760፣ በ20 ዓመቱ፣ ተራራው ሥር እስካለችው የሻሞኒ መንደር በእግሩ ሄደ። እዚያም ወደ ጫፉ የሚያወጣ መንገድ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አስነገረ። ሞክሮ ላልተሳካለትም የባከነበትን የሥራ ቀን ሒሳብ እከፍላለሁ አለ።

ሽልማቱ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ወሳጅ አላገኘም። የመንደሩ ሰዎች ሰነፎች ሆነው አይደለም። ክሪስታል ፍለጋና አደን ገደል ለገደል ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። የሚፈሩት ሌሊቱን ነበር። በግግር በረዶው ላይ ያደረ ሰው በሕይወት አይነጋለትም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ጠዋት የወጡት ሁሉ ሳይመሽባቸው ለመመለስ ይሯሯጣሉ። በዚህ ሁኔታ ደግሞ ጫፉ አይደረስም።

ደ ሶስዩር እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። እስከ 1779 ድረስ ብቻ የአልፕስን ሰንሰለት በስምንት የተለያዩ በሮች 14 ጊዜ አቋርጧል። በየደረሰበት ድንጋይ በመዶሻ እየሰበረ ይመረምራል፣ የንብርብሩን አቅጣጫ ይመዘግባል። ተራሮች እንዴት እንደተፈጠሩ በሜዳ ተቀምጦ መጻፍ በተለመደበት ዘመን እሱ ወጥቶ ማየትን መረጠ። «ጉዞዎች በአልፕስ» የተሰኘው ባለ አራት ጥራዝ ሥራው ከ1779 እስከ 1796 የታተመ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ዋናው ሐውልቱ ይኸው ነው። የአየር እርጥበት ሲለዋወጥ የሰው ፀጉር እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ተረድቶ የእርጥበት መለኪያ ሠርቷል። በመስታወት የተሸፈነ ሣጥን ፀሐይ ላይ አስቀምጦም ውስጡን ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቋል። የዛሬዎቹ የፀሐይ ምድጃዎች አያት ማለት ነው።

የተራራው ምስጢር የተፈታው በአጋጣሚ ነው። በሰኔ 1786 ዣክ ባልማ የተባለ የሻሞኒ ክሪስታል ፈላጊ መሽቶበት ብቻውን በበረዶው ላይ አደረ። አልሞተም። በዚያው ዓመት ነሐሴ 8 ቀን ከመንደሩ ሐኪም ከሚሼል ጋብሪዬል ፓካር ጋር ሆኖ አመሻሽ ላይ ጫፉን ረገጠ። ሽልማቱን ባልማ ወሰደ።

በዓመቱ ተራው የደ ሶስዩር ሆነ። ዕድሜው 47 ነበር። ባልማን ጨምሮ 18 መንገድ መሪዎችንና አንድ አገልጋዩን አስከትሎ ነሐሴ 1 ቀን 1787 ተነሳ፤ ነሐሴ 3 ቀን ጫፉ ላይ ደረሰ። ባለቤቱ አልቤርቲን አሜሊ ከእህቶቿ ጋር ሻሞኒ ሆና በቴሌስኮፕ ትከታተለው ነበር። ጫፍ መድረሱን ስታይ ባንዲራ እንድትሰቅል ተስማምተው ስለነበር፣ ከላይ ሆኖ መጀመሪያ የፈለገው ያንን ባንዲራ ነው። ሲውለበለብ አየው።

ደስታው ግን እንደጠበቀው አልሆነም። የመጨረሻዋ ዳገት ትንፋሹን አሳጥታው ስለነበር በረዶውን የረገጠው ከደስታ ይልቅ በንዴት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ቢሆንም ከአራት ሰዓት በላይ እዚያው ቆይቶ ሠራ። ውኃ አፈላ፤ በ86 ዲግሪ ገደማ ፈላለት። የልቡን ምት ቆጠረ፤ ሻሞኒ ላይ 72 የነበረው 100 ሆኖ አገኘው። ባሮሜትሩን አንብቦ ያሰላው የተራራው ከፍታ ዛሬ ከሚታወቀው 4,806 ሜትር ገደማ ብዙም አይርቅም። በዘመኑ መሣሪያ ይህን ያህል መቅረቡ ያስገርማል።

በተከታዩ ዓመት ከበኩር ወንድ ልጁ ከኒኮላ ቴዎዶር ጋር 3,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ኮል ዱ ዤያን በር ላይ ድንኳን ተክሎ ከሁለት ሳምንት በላይ የአየሩን ሁኔታ ሲለካ ከረመ። አባትና ልጅ አልሰለቻቸውም፤ መንገድ መሪዎቹን ግን አንገሸገሻቸው። በመጨረሻ ስንቁ ሲያልቅ፣ እንዲወርድ ለማስገደድ ሆን ብለው ሳይበሉት እንዳልቀሩ ደ ሶስዩር ጠርጥሯል። ልጁ ኋላ በዕፅዋት ኬሚስትሪ ስመ ጥር ሆነ።

የፈረንሳይ አብዮት ሀብቱን በላው። ገንዘቡን ያስቀመጠበት የፈረንሳይ ሰነድ ዋጋ አጣ፤ በ1794 ደግሞ ስትሮክ ደረሰበት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥራዞች ያሳተመው በዚህ ሁኔታ ሆኖ ነው። ጥር 22 ቀን 1799 በ58 ዓመቱ ጄኔቫ ውስጥ አረፈ። የስዊዘርላንድ ባለ 20 ፍራንክ የብር ኖት ለሃያ ዓመት ያህል፣ እስከ 2000 ድረስ፣ ምስሉን ይዞ ነበር።

በ1887 ሻሞኒ መሐል የቆመው ሐውልት ባልማ ለደ ሶስዩር ጫፉን በጣቱ ሲያመለክተው ያሳያል። ሐኪሙ ፓካር የለበትም። ክብሩ ሁሉ ለባልማ እንዲሆን የተጻፈው ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሯልና። በኋላ ግን በዚያ ቀን ሁለቱን በቴሌስኮፕ ሲከታተል የነበረ አንድ ጀርመናዊ ባሮን የጻፈው ማስታወሻ ተገኝቶ የፓካርን ድርሻ አረጋገጠ። ሐኪሙ የራሱን ሐውልት እዚያች ከተማ ያገኘው በ1986፣ ልክ በሁለት መቶኛው ዓመት ነው።