የቮን ሮዘን ሰማይ

አሰላ ላይ ስዊድን ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት ካዱንና ምርጥ ዘሩን ነው። እኔ ግን ጭላሎ በደመና ተሸፍኖ ባየሁ ቁጥር ሌላ ስዊድናዊ ትዝ ይሉኛል፤ አብራሪው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን።

በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞቻችንን አመላለሱ። ከድል በኋላ ተመልሰው ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች አሠለጠኑ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. በባለ አንድ ሞተሯ ሳፊር ከስቶክሆልም ተነስተው፣ 6,220 ኪሎ ሜትር ያለ እረፍት በ30 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በርረው አዲስ አበባ ገቡ። ያኔ ጂፒኤስ የለም። የአብራሪ መተማመኛ ኮምፓስ፣ ሰዓትና ካርታ፣ ጣቢያ ባለበትም ራዲዮ ነበር።

የራዲዮ መቀበያው መርፌ ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ ይጠቁማል። ንፋሱ አውሮፕላኑን ምን ያህል እንደገፋው፣ ከፊት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ጭላሎ መቆሙን ግን አይናገርም። በእኛ በሕግ ሰዎች አነጋገር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ፍርዱ የአብራሪው ነው። ዛሬ ይህን ትምህርት ጊዜ ያለፈበት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሳተላይት ምልክት ይታወካል፣ ሆን ተብሎም ይታፈናል፤ ደመና ውስጥ ላለ ሰው ያ መርፌ ቀላል ነገር አይደለም።

ቮን ሮዘን የሞቱት ደመና ውስጥ አይደለም። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ፣ በምድር ሳሉ፣ ከሶማሊያ ወገን በተከፈተ ጥቃት ተገደሉ።