መርሳትን የለካው ሰው

ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ መደርደሪያው ሄድኩና ቆምኩ። ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት? በእኛ ዕድሜ ይህ ያልደረሰበት ካለ እሰየው። እንዲህ ዓይነቱ መርሳት ግን ብዙም አያስጨንቀኝም፤ መርሳቴን አውቄዋለሁና። የሚያስፈራኝ ሳናውቀው ከአእምሯችን የሚፋቀው ነው። ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር የለካው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ነው።

ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1850 ባርመን ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በ1870 አገሩ ከፈረንሳይ ጋር ስትዋጋ ትምህርቱን አቋርጦ ዘመተ፤ ተመልሶ በ1873 ከቦን ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ እያስተማረ ሲኖር፣ ፓሪስ ውስጥ ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ የጉስታቭ ፌክነርን መጽሐፍ አገኘ ይባላል። ፌክነር የስሜት ሕዋሳትን ሥራ በሒሳብ ለመለካት የሞከረ ሊቅ ነው። ኤቢንግሃውስም ትዝታን እለካለሁ ብሎ ተነሣ።

ላቦራቶሪም ረዳትም አልነበረውም። ስለዚህ የተመራመረው በራሱ ላይ ነው። የታወቀ ቃል ሌላ ነገር እያስታወሰ ስለሚያሳስት፣ በሁለት ተነባቢዎች መካከል አንድ አናባቢ እየከተተ 2,300 ያህል ትርጉም አልባ ድምፆች ፈጠረ። እነዚህን በተርታ እየደረደረ እስኪወጣለት ይሸመድዳል። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያንኑ እንደገና ያጠናና ስንት ጊዜ እንደተረፈው ያሰላል። ይህን አሰልቺ ሥራ በ1879 እና 1880፣ ከዚያም በ1883 እና 1884 ያለ ማንም አስገዳጅ ሠራው።

በ1885 ያሳተመው ውጤት የሚገርም ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉ 58 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፤ ከአንድ ቀን በኋላ 34፤ ከ31 ቀን በኋላ ግን 21። አብዛኛው የሚጠፋው ገና ይዤዋለሁ ብለን በምንተማመንበት በመጀመሪያው ሰዓት ነው ማለት ነው። ሕግ እንደ ተማረ ሰው ቶሎ የመጣብኝ ምስክር ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃሉን የሚሰጠው ድርጊቱ ከተፈጸመ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው። እርግጥ በዓይን የታየ ነገር ትርጉም በሌለው ድምፅ ፍጥነት አይጠፋም። ቢሆንም ሐቀኛው ሰው ራሱ የጎደለውን ሳያውቅ ሊሞላው ይችላል፤ ሐሰተኛ ምስክርን የሚቀጣው አንቀጽ ደግሞ ለዚህ አልተጻፈም።

ጥናትን በአንድ ቀን ከማጨቅ በቀናት መከፋፈል እንደሚሻልም አሳይቷል። ቀን የተማረውን ማታ የሚያስከልሱት የኔታ ይህን ያለ ሙከራ ያውቁታል፤ በፈተና ዋዜማ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሌሊቱን ሙሉ የሸመደድኩት እኔ ግን አላወቅኩም ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። በወጣትነቱ ዶን ሁዋን ከተሰኘው የባይረን ግጥም የተወሰነ ክፍል ቃል በቃል ይዞ ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ አንዱም ትዝ አላለውም። እንደገና ሲያጠናው ግን 7 በመቶ ያህል ጊዜ ተረፈው። ባለቤቱ ፈጽሞ ጠፋ ያለው ነገር ከውስጥ አሻራ ትቶ ነበር።

ኤቢንግሃውስ ብዙ የሚያሳትም ሰው አልነበረም። በ1894 የበርሊኑ ከፍተኛ የፕሮፌሰርነት ቦታ ለካርል ሽቱምፕፍ ሲሰጥ እሱ ወደ ብሬስላው ሄደ። በ1905 ወደ ሃሌ ተዛወረ፤ እዚያው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1909 በሳንባ ምች በ59 ዓመቱ ሞተ።

በ2015 የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ሙከራውን ደገሙት። እንደ እሱ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ 70 ሰዓት ሸመደደ። የተገኘውም መስመር ከ1885ቱ ጋር ተቀራራቢ ሆነ።