ሙሴ ኢልግና የምድር ባቡሩ ውል

ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ የመረጥነው አርበኛ ወይም ባለቅኔ አይደለም። የመረጥነው ስማቸው ከምድር ባቡራችን ጋር አብሮ የሚነሣውን ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ነው። ዛሬ በየአገሩ መንግሥታት ሥራቸውን ለግል ኩባንያና ለአማካሪ በኮንትራት ይሰጣሉ። ነገሩ ለአገራችን አዲስ አለመሆኑን ልጆቻችን እንዲያውቁ ብለን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢልግ በ1854 በስዊዘርላንድ ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ ምሕንድስና ተምረው በ1879 ገና ወጣት ሳሉ ከሁለት የአገራቸው የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ገቡ። ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። ኢልግም አማርኛ ተምረው፣ በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠርተው፣ በኋላም ወደ ቤተ መንግሥቱ ውኃ በቧንቧ አስገብተው የንጉሡን እምነት አገኙ። ሕዝቡም ሙሴ ኢልግ ይላቸው ነበር።

ምኒልክ ሥራን ለሌላ መስጠት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ቀደም ብለው ያዩ መሪ ነበሩ። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሡ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር እንዲላላኩ የሚፈቅድ ሲሆን፣ በኢጣልያንኛው ግን የሚያስገድድ ነበር። ለመልእክት ማመላለሻ የታሰበው ነገር የአገር ነጻነት ጥያቄ ሆነና መጨረሻው በ1896 ዓድዋ ላይ ታየ።

ከዚያ በፊት በ1894 ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለኢልግ የ99 ዓመት የኮንሴሲዮን ውል ሰጡ። መንግሥት ለዚህ የሚበቃ ገንዘብም ሆነ መሐንዲስ አልነበረውም፤ ዕቃ ከባሕር ጠረፍ ወደ ሸዋ የሚደርሰው በግመልና በበቅሎ ለሳምንታት ተጉዞ ነበር። በውሉ መሠረት መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል ነጭ ዓባይ ድረስ ሊዘረጋ ታስቦ ነበር። ያ ቢሳካ ኖሮ እኛ ሱዳን የመጣንበት መንገድ ሌላ ይሆን ነበር።

ኢልግ ሌዎን ሼፍኔ ከተባሉ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆነው በ1896 ፓሪስ ላይ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራውም በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ገንዘብ አጠረ፤ የእንግሊዝ ባለሀብቶች ገቡበት። ይህ ያሠጋው የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ከኩባንያው ጋር ተዋዋለና ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊከፍል ተስማማ፤ በለውጡም በኩባንያው ላይ ሥልጣን አገኘ። ለግል ኩባንያ የተሰጠው የኢትዮጵያ ባቡር ባለ አገሩ ሳይጠየቅ በሌላ መንግሥት እጅ ገባ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባቡሩ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ደረሰ። በውሉ የተጠራችው ሐረር ግን ተራራው ወጪ ያበዛል ተብላ ከመስመሩ ውጪ ቀረች።

ምኒልክ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ተቆጥተው ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ከለከሉ። ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሠረ። በ1908 አዲስ ውል ተፈርሞ አዲስ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ያዘና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የመጀመሪያው ውል ከተፈረመ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። ምኒልክ በ1913፣ ኢልግም በጥር 1916 ዙሪክ ላይ ስላረፉ፣ ሁለቱም ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አላዩም።

ኢልግ ከ1897 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆነው በውጭ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል፤ አገር የወደዱ ሰው እንደነበሩም እናምናለን። ችግሩ የመንግሥት አማካሪና የኩባንያው ባለ ውል አንድ ሰው መሆናቸው ነበር። እኛ ነጋዴዎች እንደምናውቀው ሻጭና ሚዛን ጠባቂ አንድ ሰው ከሆነ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ገዢው ልቡ አያርፍም። ኢልግም ከሁለቱ ወገኖች መካከል ተይዘው፣ በ1906 ከኢትዮጵያ ወጥተው በዓመቱ ሥራቸውን ለቀቁ።

ባንኩም እንዲሁ ነበር። በ1905 በተሰጠ የ50 ዓመት ውል የአቢሲኒያ ባንክ የገንዘብ ኖት የማሳተም መብት ይዞ በካይሮው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቋመ። መንግሥት ይህን መብት መልሶ እጁ ያስገባው በ1931 ባንኩን በገንዘብ ገዝቶ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ!

ይህን ስንል ሥራ በኮንትራት አይሰጥ ማለታችን አይደለም። ያለዚያ ውል ባቡሩም ድሬዳዋም ባልኖሩ ነበር። አዲሱን የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመርም የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ሥራ ከጀመረ በኋላም ለዓመታት እነርሱ ሲያንቀሳቅሱት ቆይተው በ2024 ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ሠራተኞች አስረክበዋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ የሚሰጥ መንግሥት ውሉን የሚያነብ፣ ሒሳቡን የሚመረምር፣ በመጨረሻም ሥራውን የሚረከብ የራሱ ሰው ሊኖረው ይገባል።

ለእኛም ለስደተኞቹ ትምህርቱ ቅርብ ነው። ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ፣ ፓስፖርታቸውን ለመኖሪያ ፈቃድ ብለው ለጉዳይ አስፈጻሚ የሰጡ ወገኖቻችን ቅጂ እንኳ ሳይኖራቸው ከካፉሪ ወጥተው የመተማን መንገድ ይዘዋል። ጉዳይን በሰው ማስፈጸም ነውር የለውም፤ የራስን ሰነድና ደብተር አለመያዝ ግን ይጎዳል። ማኅበራችን ዛሬ አባላቱ በየአገሩ ቢበተኑም መዝገቡን በራሱ ልጆች እጅ እንዲያቆይ፣ ልጆቻችንም ምሕንድስናውንና ሕጉን ተምረው ውሉን አንብበው የሚፈርሙ እንዲሆኑ እንመኛለን። መልካም ኢዮቤልዩ ይሁንላችሁ።