ጆ ሉዊስ እና ያልተቆጠሩት ምቶች

በቦክስ ዓለም ጆ ሉዊስ በመባል የታወቀው ጆሴፍ ሉዊስ ባሮው ግንቦት 5 ቀን 1906 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ከድኃ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ዲትሮይት ሄዶ ቦክስን እዚያ ተማረ።

ስሙ ከኢትዮጵያ ጋር የተቆራኘው ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ለወረራ ጦሯን ስታከማች፣ ሉዊስ በኒው ዮርክ ኢጣሊያዊውን ፕሪሞ ካርኔራን በ6ኛው ዙር ረታ። ጥቁር አሜሪካውያንም ድሉን እንደ ኢትዮጵያ ድል ቆጠሩት።

በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ ራሱን በቀኝ ቡጢ ደጋግሞ መትቶ በ12ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። ሉዊስ ግን በ1929 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ክብሩንም 25 ጊዜ ተከላከለ። በ1941 ዓ.ም. ከውድድር ቢሰናበትም የግብር ዕዳ መልሶ አስገባው። በጥቅምት 1944 ዓ.ም. ሮኪ ማርቺያኖ በ8ኛው ዙር ሲዘርረው ዕድሜው 37 ነበር።

ከዓመታት በኋላ አእምሮው ታወከ። በመርዝ ጋዝ ሊገድሉት የሚያደቡ ሰዎች ያሉ ስለ መሰለው የክፍሉን የአየር መግቢያ ይደፍን ጀመር፤ በ1962 ዓ.ም. በዴንቨር ሆስፒታል ገባ። አባቱ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር፤ እርሱም ኮኬይን ወስዷል። ስለዚህ ሕመሙን በቡጢ ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ ቡጢውን መርሳትም አይገባም።

ሐኪሙ ሀሪሰን ማርትላንድ የቦክሰኞችን መንገዳገድና የአእምሮ መዳከም የገለጸው ሉዊስ ገና ልጅ ሳለ፣ በ1921 ዓ.ም. ነበር። በኋላ የተደረገው ምርምር ታው የተባለው ፕሮቲን በአንጎል ውስጥ በትናንሽ የደም ሥሮች ዙሪያ እንደሚከማች፣ ማስታወስን፣ ማመዛዘንንና ጠባይን እንደሚያውክ አሳየ። ለአደጋው ከዝረራው ብዛት ይልቅ በየልምምዱ የተጠራቀመው የምት ድምር ይበልጥ ይመዝናል። በሽታው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግን ከሞት በኋላ በሚደረግ የአንጎል ምርመራ ነው።

ሉዊስ ሚያዝያ 4 ቀን 1973 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ አረፈ።

የእርሱ ሕይወት ለሕክምና ባለሙያ የሚያስተምረው አጠያየቅን ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባለው የጎጃም ደጋ በገና ጨዋታ ዱላና ሩር ራስን ይመታሉ፤ በእግር ኳስም ኳስ በቴስታ ይመታል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ጉዳት ሳያስከትሉ ያልፋሉ። ነገር ግን ጠባዩ የተለወጠ ወይም መርሳት ያበዛ ሰው ሲመጣ፣ ራሱን ስቶ ያውቅ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ለስንት ዓመት፣ ምን ያህል ጊዜ ራሱን እንደ ተመታም መጠየቅ ይገባል።