ከክፍል ወጡ፣ መምህርነቱ ግን አልለቀቃቸውም

ባለፈው ተርም አብሮኝ የሚያስተምር ጓደኛዬ ጠመኔውን አስቀምጦ አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። ኢንሴንቲቩ ትንሽ ይሻላል፣ ልጆችም አሉት። ከመምህራኑ ግማሾቻችን ተቀየምነው፣ ግማሾቻችን ደግሞ በሆዳችን ቀናንበት። የሱ ተማሪዎች ከኔዎቹ ጋር ተደርበው አሁን መቀመጫ እንኳን የለም። እኔም ከተቀየሙት አንዱ ነበርኩ። በኋላ ግን የአንድ ሌላ አስተማሪ ታሪክ ትዝ አለኝ፤ የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ።

ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 ቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ቡቲያማ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የዛናኪ ጎሳ አለቃ ነበሩ። እሳቸው ግን ትምህርት የጀመሩት 12 ዓመት ሲሞላቸው ነው። በ12 ዓመታችሁ አንደኛ ክፍል ገብታችሁ የምታፍሩ ተማሪዎቼ ይህቺን ልብ በሉልኝ! ዘግይተው የጀመሩት ልጅ ኡጋንዳ ማኬሬሬ ገብተው መምህርነት ተማሩ፤ ታቦራ ከተማ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1949 ደግሞ ስኮትላንድ ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሄደው በ1952 በዲግሪ ተመለሱ።

እንደገና የገቡት እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ከዳሬሰላም ወጣ ብሎ ባለው የፑጉ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ጀመር። ያኔ አገራቸው ታንጋኒካ በእንግሊዝ እጅ ነበረች። ኔሬሬ እያስተማሩ ጎን ለጎን በ1954 ታኑ የተባለውን ፓርቲ ከጓደኞቻቸው ጋር መሠረቱ። በ1955 መጋቢት ላይ ኒውዮርክ ድረስ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ፊት ስለ አገራቸው ተናገሩ። ሲመለሱ ከትምህርት ቤቱ በኩል ምርጫ ቀረበላቸው፦ ወይ ማስተማር፣ ወይ ፖለቲካ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውየው ትዳር ይዘዋል፣ ልጅ ወልደዋል። ፓርቲው ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነው። የተማረ ሰው በጥቂቱ በሚገኝበት አገር ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ ይዘው ነበር። እሱን ለቀቁ። ለጊዜው ቡቲያማ ተመልሰው ምን ሠሩ መሰላችሁ? ለካቶሊክ ሚስዮን የዛናኪን ቋንቋ እያስተማሩና እየተረጎሙ ኖሩ። ልክ እንደ ጓደኛዬ፣ አስተርጓሚ!

ከዚያ በኋላ አገሩን እየዞሩ ለገበሬው በስዋሂሊ ነፃነት ምን እንደሆነ ያስረዱ ነበር። በ1961 ታንጋኒካ ያለ ጦርነት ነፃ ወጣች፤ እሳቸውም ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በዓመቱ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሕዝቡ ግን እስከ መጨረሻው የጠራቸው ምዋሊሙ እያለ ነው፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ቤተ መንግሥት ተቀምጠው እንኳን የሼክስፒርን ጁሊየስ ቄሳር ወደ ስዋሂሊ ተርጉመዋል። ጎልማሶች ፊደል እንዲቆጥሩም ትልቅ ዘመቻ አካሂደዋል።

ሁሉ ነገራቸው ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። በ1970ዎቹ ሚሊዮኖች ከየቀያቸው ተነስተው በኡጃማ መንደሮች እንዲሰፍሩ ሲደረግ ብዙዎቹ በግድ ነው የሄዱት፤ እርሻውም ተጎዳ። ሰዎች ያለ ፍርድ ይታሰሩ ነበር። ከቤት መነቀል ምን እንደሆነ እኛ ስለምናውቅ ይህን ዘልለን ማለፍ አንችልም። በሌላ በኩል ግን ከሩዋንዳ፣ ከቡሩንዲ፣ ከሞዛምቢክ ለሸሹ ስደተኞች በራቸውን ከፍተዋል፤ ለብዙዎች መሬትም ሰጥተዋል። ለዚህም በ1983 የናንሰን ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በ1985 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀው ወደ ቡቲያማ ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ጥቅምት 1999 ለንደን ውስጥ በደም ካንሰር አረፉ።

እኔ ፕሬዚዳንት የመሆን ሐሳብ የለኝም፤ ጓደኛዬም የለውም። ሥራ መቀየር ክህደት ነው ብዬ መፍረዴን ግን ትቻለሁ። ልጆች የሚራብ ከሆነ ሰው የተሻለውን ይይዛል፤ ቅሬታችን መሄድ ያለበት መምህሩን ማቆየት ወዳልቻለው ክፍያ ነው። ጓደኛዬ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ለስምንተኛ ክፍሎች ለፈተና የሚሆን ሒሳብ ሲያስረዳ ዋለ። ማንም አልከፈለውም። ሲወጣ ልጆቹ ከኋላው ተቸር፣ ተቸር እያሉ እስከ ውኃ ቦኖው ድረስ ሸኙት።